የፒክልስ ውል

ቬርና ዲትመር ቡችላ ሊወስድ የመጣን ሰው ስትመረምር ያየ ሁሉ፣ «ይቺ ሴትዮ ልጇን ስትድርማ ምን ታደርግ ይሆን?» ይል ነበር። ምንም አላደረገችም። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ሲያገቡ አማቾቿን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም፤ እንዲያውም የታናሺቱ ባል ሥራ እንደሌለው ያወቀችው ከሠርጉ በኋላ ነው። ቡችላ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ትዳሩ አልሆን ቢላት ስልክ ትደውላለች፤ ቡችላ በምን ትደውላለች?

ቬርና የምታረባው ስፕሪንገር ነው፤ ጆሮው እንደ መጋረጃ የተንዠረገገ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወፍ የሚያስነሣ የአዳኝ ውሻ። በዊስኮንሲን እርሻዎች መካከል ካለው ግቢዋ የደረሰ ሰው ገና ከመኪናው ሲወርድ ምርመራው ይጀመራል። ጫማው ይታያል፤ የመኪናው ወለል ይታያል፤ ልጆቹ የውሻ ጆሮ ይጎትቱ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዘንድ ይቀመጥና ጥያቄው ይወርድበታል። አጥር አለህ? ቁመቱስ? ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው? የበፊቱ ውሻህ በምን ሞተ? አንድ ምስኪን መምህር ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ፣ «መኪና ገጨው» ብሎ እውነቱን በመናገሩ የቀረበለትን ኬክ ሳይጨርስ ራሱን ውጭ አግኝቶታል።

ፈተናውን ላለፈ ውሉ ይቀርብለታል። አራት ገጽ ነው። ከሁሉም የሚከብደው አንቀጽ፣ ለማራቢያ ሳይሆን ለቤት ተብላ የተሸጠች ቡችላ ዕድሜዋ ሲደርስ እንድትመክን፣ ወንድ ከሆነም እንዲኮላሽ፣ የሐኪም ማስረጃም ለቬርና እንዲላክ ያዛል። ይህን ያላደረገ ውሻውን ይመልሳል። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ በተለይ ወንዶቹ እግራቸውን ያጣምራሉ። ቬርና ግን ፍንክች አትልም። በልጅነቷ፣ አባቷ ገዢ ያላገኙትን ቡችሎች በጆንያ ይዞ ወደ ወንዝ ሲወርድ አይታለች። ጆንያው ባዶውን ሲመለስ እናቷ አጥባ ድንች ትከትበት ነበር። ይህን ለማንም አታወራም፤ አራት ገጽ መጻፍ ይቀላታል።

ሎውል ኦስትሉንድ ፈተናውን ያለፈው በሚስቱ ነው። ኮሪን ዝግ ያለች፣ የሚባለውን የምትሰማ ሴት ናት። ሎውል ግን የኢንሹራንስ ሰው ነው። በአካባቢው ላለ ገበሬ ሁሉ ጎተራውንም ትራክተሩንም ነፍሱንም ዋስትና ያስገባ፣ በረዶ ጣሪያውን የበሳበት ሰው አቤት ሊል ሲመጣ ደግሞ፣ «ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አላነበቧትም መሰለኝ» ማለት ደስ የሚለው ሰው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው የቬርናን ውል ሳያነብ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ የፈረመው።

«አታነበውም?» አለችው።

«ፊትዎን አይቼ አምኛለሁ፣ ወይዘሮ ዲትመር።»

«ፊቴ ላይ ስለ ማስመከን የተጻፈ ነገር የለም።»

«ኧረ እናስመክናታለን። ይቺ ምን አላት።»

ልጆቹ ቡችላዋን ፒክልስ አሏት። አባቷ በዘር መዝገብ ላይ «የሰሜን ነፋስ ጌታ» ተብሎ የሰፈረ፣ በየውድድሩ ዋንጫ የለቀመ ውሻ ነው፤ ቤት ውስጥ ጉስ ይሉታል። የነፋስ ጌታ ልጅ የኮመጠጠ ኪያር ተብላ መጠራቷ ቬርናን አንገበገባት። ቢሆንም ዋጥ አደረገችው፤ ስለ ስም አንቀጽ አልጻፈችማ።

ጊዜው ሲደርስ የሐኪም ማስረጃ አልመጣም። ቬርና ደወለች። ሐኪሟ ተጨናንቃለች ተባለች። እንደገና ደወለች። የአጋዘን አደን ወቅት ነው፣ ሰው ሁሉ ጫካ ገብቷል ተባለች፤ ፒክልስ ጠመንጃ እንደማትይዝ ብታስረዳም ሰሚ አላገኘችም። ከዚያ ገና መጣ። ከገና በኋላ ደግሞ የሎውል ወገብ ታመመ፤ የውሻዋን ማህፀን ከሎውል ወገብ ጋር ምን እንዳገናኘው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እውነቱ ወጣ።

«ምን መሰለዎት» አለ ሎውል በስልክ፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ አለስልሶ፣ «ልጆቹ የመወለድን ተአምር አንድ ጊዜ ቢያዩ ብለን ነው።»

«የጎረቤትህ ላሞች በየሳምንቱ ይወልዳሉ። ውሰድና አሳያቸው።»

«ላም እኮ የቤተሰብ አባል አይደለችም።»

«እንግዲያው የቤተሰብ አባል ከሆነ አንተው ውለድላቸው» አለችና ዘጋችው። ከዚያም ወደ ባሏ ዞራ፣ «ቅዳሜ በዚያ በኩል ነው የምናልፈው፤ ውሻዋን ይዣት እሄዳለሁ» አለች። ባሏ ሜርል ሲርበውና የሚደግፈው ቡድን ሲሸነፍ ካልሆነ ብዙም አፉን አይከፍትም። ጋዜጣውን ገለጠ።

ያ ቅዳሜ የስፕሪንገር አርቢዎች ማኅበር የፀደይ ስብሰባ ቀን ነበር። ቬርና የማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለአዳዲስ አባላት ልትናገር ተዘጋጅታ ነበር። ጉስንም ለናሙና ልታሳያቸው ጭናዋለች፤ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ የጆሮው ፀጉር እንደ ሙሽራ ቬሎ ወርዶ። ከኦስትሉንዶች በር ላይ መኪናዋን አቆመችና ለሜርል፣ «በሩን እንዳትከፍት» አለችው። ሜርል ራሱን ነቀነቀ። ሜርል ራሱን ነቀነቀ ማለት ሰማ ማለት አይደለም፤ ይህን ያህል ዘመን አብራው የኖረች ሴት ማወቅ ነበረባት።

ወጥ ቤት ገብታ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ወይ ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስዳታለህ፣ ወይ አሁን ትመልስልኛለህ።»

ሎውል ፈገግ አለ፤ ደንበኛ ሲቆጣ የሚያወጣት ፈገግታ ነች። «ሰው ቤት ገብተው ልጅ ከጉያ ይነጥቃሉ፣ ወይዘሮ ዲትመር?»

«ጉያህ ሲበርደው ድመት ግዛለት።»

ኮሪን ጣልቃ ገባች። «እኔ ሰኞ እወስዳታለሁ። እንዲያውም ሰሞኑን ፀባይዋ ተለውጦብኛል። ባለፈው ሳምንት ደም አይቼባት ነበር። እሱ ቀነሰና አሁን ደግሞ ወንድ ውሻ ባለፈ ቁጥር ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ ትቆማለች። ምን ሆና ነው?»

ቬርና ከወንበሯ ብድግ አለች። «አሁን የት ናት?»

«ጓሮ ነቻ» አለ ሎውል ኩራት ብሎት። «አጥር አለን አይደል እንዴ። እርስዎ ራስዎ ቁመቱን ጠይቀውኝ።»

ኮሪን መስኮቱ ዘንድ ቆማ ነበር። «ወይዘሮ ዲትመር» አለች ዝግ ብላ፣ «ያ ውሻ የእርስዎ አይደለም?»

ሜርል ሳንድዊቹን ከኋላ ሊያወጣ በሩን ከፍቶት ነበር። እግረ መንገዱንም ጋራዡ አጠገብ የቆመችውን የሎውልን የሣር ማጨጃ ጎንበስ ብሎ ያያል። ጉስ ሽማግሌ ነው። ቬርና ለወገቡ እያዘነች አቅፋ መኪና ላይ የምታወጣው፣ ሦስት ደረጃ ሲወጣ ቆም ብሎ የሚያስብ ውሻ ነው። ያን የሎውልን አጥር ግን ሳያስብ ነው የዘለለው። ቬርና ጓሮ ስትደርስ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ጉስና ፒክልስ ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ ተቆላልፈው ቆመዋል። ጉስ ወደ ሰማይ ያያል። ፒክልስ ሣር ታሸታለች።

«ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስባቸው?» አለ ሎውል።

«ሞክርና ባልዲውን ራስህ ላይ ነው የምደፋው። ያዛት። አንገቷን ደገፍ አድርገህ ያዝ። ከተጎተቱ ይጎዳሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ራሳቸው እስኪላቀቁ።»

እሷ ጉስን፣ እሱ ፒክልስን ይዘው ተንበረከኩ፣ ፊት ለፊት፣ ዘመዶቻቸውን መሐል አድርገው የታረቁ ጠበኞች መስለው። የዚያን ቀን የኦስትሉንዶች ጎረቤት ወይዘሮ ሁልዳ ቦርግ አሮጌ ዕቃዋን ግቢዋ ላይ ዘርግታ የምትሸጥበት ቀን ነበር። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ግማሾቹ እዚያ ናቸው። ሸክላውን፣ መብራቱን፣ የሟች ባሏን ኮት ትተው አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«ቬርና ነሽ እንዴ?» አለች ሁልዳ። «ሎውል፣ አንድ ቡችላ ያዝልኝ እሺ።»

«ቡችላ የለም» አለች ቬርና፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ስህተት ነው።»

«የኔም የመጀመሪያው ልጅ እንደዚያ ነበር» አለች ሁልዳ፣ «አሁን የጥርስ ሐኪም ሆኗል።»

ሴቶቹ ሳቁ። የቬርና ጉልበት በእርጥቡ ሣር ርሷል፤ ለንግግሩ የለበሰችው ሱሪ ነው። ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ሎውል ግን እየቆየ እየተመቸው ሄደ። ኮሪን ውሉን እንድታመጣለት ጠየቃትና በአንድ እጁ ውሻዋን እንደያዘ፣ በሌላው ገጹን እየገለጠ ማንበብ ጀመረ። የፈረመውን ወረቀት ሲያነብ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

«እዚህ ላይ ገዢው ውሻዋን ከወንድ ይጠብቃል ይላል» አለ።

«ይላል። አልጠበቅክም።»

«ወንዱ የሻጯ ቢሆንስ? በመኪናዋ ጭና፣ በር ድረስ ብታመጣውስ? እሱን አይልም። ወይዘሮ ዲትመር፣ ይሄ ውል ትልቅ ቀዳዳ አለው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ ሰው ከሥራ ይባረራል።»

ቬርና የጉስን አንገት ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሜርል በዚህ መሐል ሳንድዊቹን እየገመጠ ብቅ አለና ሁሉንም አየት አየት አድርጎ፣ «ጉስ ወጥቷል» አለ።

ስብሰባው ላይ ዘግይታ ደረሰች። ጉልበቷ ላይ ሁለት አረንጓዴ ክብ ይዛ ስለ ኃላፊነት ተናገረች። አንድ አርቢ ሁልጊዜ ወንድ ውሻው የት እንዳለ ማወቅ አለበት አለች፤ ሰው አጨበጨበ። ጉስ መድረኩ ላይ አርፎ ተኛ። አንዲት ወጣት፣ «እንዴት ያለ የረጋ ውሻ ነው» ብላ አደነቀችው። «ዛሬ ደክሞታል» አለች ቬርና። ውሸት አልተናገረችም።

ሰኞ ሁሉም ከእንስሳት ሐኪሟ ከዶክተር ብሪንክማን ዘንድ ተገናኙ። ዶክተሯ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ለአፍታ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ስትመለስ ፊቷ የሐኪም ፊት ነበር። «አባትና ልጅ ናቸው» አለች። «በኋላ ብዙ ጣጣ ያለባቸው ቡችሎች ሊወለዱ ይችላሉ። አሁን ካስመከናት ግን ገና የተጀመረ ነገር የለም። የእናንተ ምርጫ ነው።»

ሎውል ስለ ተአምሩ አንድ ነገር ሊል ሲል ኮሪን አየችው። ተወው። ፒክልስ በዚያው ሳምንት መከነች፤ ወጪውን ቬርና ሳትጠየቅ ከፈለች፤ የሐኪሟም ማስረጃ በመጨረሻ ተጻፈ። እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ኮሪን ግን ያን ሰኞ ኮቷን እየለበሰች፣ ክፋት በሌለው ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ጉስስ?»

«ጉስ ምን?» አለች ቬርና።

«እሱስ መቼ ነው?»

«ጉስ ሻምፒዮን ነው።»

«ገና ሊያስወልዱት ነው?»

አልነበረም። ጉስ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥቷል። ይባስ ብሎ ዶክተር ብሪንክማን ዕቃዎቿን እያነሣች፣ «የፕሮስቴት ዕጢው እያበጠ ነው፣ ይኮላሽ ካልኩሽ እኮ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቬርና» አለች። የሎውል ፊት ቀስ በቀስ እንደ ጠዋት ፀሐይ በራ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል የነበረችው ሴት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሎውል በነጋታው ደወለ። በሳምንቱም ደወለ። እንደዚያ ያለ ደስታ የኢንሹራንስ ሥራ ሰጥቶት አያውቅም።

«ወይዘሮ ዲትመር፣ ማስረጃው አልደረሰኝም።»

«ሐኪሟ ቀጠሮ የላትም።»

«አሁን ጠይቄያት፣ ሐሙስ አለኝ አለችኝ።»

«ሐሙስ ሜርል ድርቆሽ ያነሣል።»

«ድርቆሹን የሚያነሣው ጉስ ነው?»

ቬርና ቱግ አለች፣ ዘጋች፣ ከዚያም ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ቀረች። ምን እንደነካት ለራሷም ሊገባት አልቻለም። በስንት ሰው ላይ ጣቷን ቀስራለች፤ በስንት ወንድ ላይ፣ «የሚኮላሸው አንተ አይደለህም» እያለች ስቃለች። አሁን ግን ጉስ እግሯ ላይ አገጩን አሳርፎ ሲያንኮራፋ፣ ዋንጫዎቹ ከመደርደሪያው ላይ ሆነው ያዩአት መሰላት። እሱ ከተኮላሸ የእሷም ዘመን ያለቀ መሰላት። ውሻ ስለ ዋንጫ ግድ የለውም፤ ይህን ለገዢዎች ስትነግር የኖረችው እሷ ናት።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የደም ጠብታ አየች። ጉስ በሩ አጠገብ ቆሞ ሽንቱ እምቢ ብሎት ይንቀጠቀጣል። ለምርመራዋ መልስ ያጡትን ሰዎች ሁሉ ያኔ አሰበቻቸው። «የበፊቱ ውሻህ በምን ሞተ?» ቢሏት ምን ልትል ነው? «እኔ ሳመነታ» ልትል ነው?

ሜርል መኪናውን እንደዚያ ሲያበር አይታው አታውቅም። ዶክተር ብሪንክማን ምንም አልወቀሰቻትም፤ ያ ደግሞ ከወቀሳው ባሰባት። ጉስ ወደ ውስጥ ሲወሰድ ቬርና ውጭ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ለማን እንደምትደውል አሰበችና፣ ለልጆቿ አይደለም፣ ለኮሪን ደወለች። ኮሪን መጣች፣ ከጎኗም ተቀመጠች። ቬርና አለቀሰች። ሎውልም ተከትሎ መጥቶ ነበር፤ ሊናገር የተዘጋጀ ነገር እንደነበረው ፊቱ ያስታውቃል። የቬርናን ዓይን ሲያይ ግን ዋጠውና የሚጠጣ ነገር ፍለጋ ሄደ። ሰው ምስጋና ሲገባው ይመስገን፤ ያን ቀን ሎውል ኦስትሉንድ ዝም ማለት ችሏል።

ጉስ ዳነ። በሳምንቱ ቁርሱን በልቶ የሜርልንም ቁርስ በላ። የጎደለበት ነገር እንዳለ ያወቀ አይመስልም፤ ቢያውቅም ለማንም አልተናገረም። ያጣው ነገር ያሳሰበው ሜርልን ነው፤ ለብዙ ቀን ጉስን በጎሪጥ እያየ ወንበሩ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

በመከር፣ የአካባቢው ምግብ ቤት ሁሉ ዓሣ በሚጠብስበት አርብ ማታ፣ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቬርና በሥነ ምግባር ኮሚቴው ተራ ተነሥታ ወረቀት ሳትይዝ ቆመች። መኪናውን፣ ሳንድዊቹን፣ አጥሩን፣ ሁልዳንና አጥሩ ላይ የተሰበሰቡትን ሴቶች ነገረቻቸው። ንግግሯን በሣር በራሰ ሱሪ እንዳደረገች፣ ሐኪሟ ጉስ ይኮላሽ ያለቻትን ከዓመት በላይ እንዳዘገየች ነገረቻቸው። ከዚያም ሰብሳቢነቱን እለቃለሁ አለች።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ዌንዴል ሀውግ ነበር፤ ከአባላቱ ሁሉ ሽማግሌው፣ ሕግ ተጣሰ ሲባል ሁልጊዜ ቅጣቱን የሚያከብደው። «የእኔዋ ከጎረቤት የበግ ጠባቂ ውሻ ጋር» አለ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። «አሥራ አንድ ወለደች። ለወንድሜ እርሻ ሰጥቼ ለማንም አልተናገርኩም።» ከኋላ አንዲት ሴት፣ «የእኔ ከፑድል ውሻ ጋር» አለች። ሌላው፣ «የእኔ እንኳ ከማን እንደሆነ አላወቅኩም» አለ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ መባሉ ቀረ። ለዓመታት ሰውን ሁሉ እንደ ዳኛ ሲመረምሩ የኖሩ አርቢዎች እየተቋረጡ፣ እየተቀዳደሙ የየውሻቸውን ጉድ አወሩ። አንድ ቆፍጣና አባል ቬርና ትነሣ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ማን ይተካት ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ፣ ሐሳብ አቅራቢውም ጭምር። እሷው እንድትቀጥል ተወሰነ። ውሉም ባለበት ይቀጥል ተባለ፤ በውሉ ላይ ቅሬታ ያለው አልነበረም፣ ቅሬታው በፈራሚዎቹ ላይ ነው።

ቬርና ስትወጣ ሜርል መኪናው ውስጥ ነበር፤ የጉስ ራስ ጭኑ ላይ፣ በሩ ተቆልፎ።

«ምን አሉሽ?» አላት።

«አልለቀቁኝም።»

ሜርል አሰበበት። «ጎሽ» አለና ሞተሩን አስነሣ። «በይ ዓሣ ጥብሱ ሳያልቅ እንድረስ።»